የኮሶዬ ጉምና የቪንቴጅ ሠርግ

ሠርግ ላይ ከሙሽራው ቀጥሎ የሚያልበው ፎቶ አንሺ ነው። ሙሽራው እንኳ አንድ ቀን አልቦት ይገላገላል፤ እኛ ግን ጥር በገባ ቁጥር ያልበናል። ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራችንን የሚያውቅልን ይመስለዋል። አጎት የተባለ ሁሉ ከኋላ መጥቶ «ከዚህ በኩል ብታነሣ አይሻልም?» ሳይል አይሄድም። እኔም «ልክ ነዎት» እልና በነበርኩበት በኩል አነሣለሁ። ሥራው እንዲህ ነው።

ጎንደር ፒያሳ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በመነጽር የማይ፣ ያለ መነጽር ደግሞ በግምት የምኖር ሰው ነኝ። መነጽሬን ያወለቅሁ ቀን የፋሲል ግንብ የጭድ ክምር ይመስለኛል። ይህን ለደንበኞቼ ተናግሬ አላውቅም። ዓይኑ የደከመ ፎቶ አንሺና እጁ የሚንቀጠቀጥ ፀጉር አስተካካይ ምሥጢራቸውን ይዘው ነው የሚኖሩት።

ታዲያ አንድ ቀን ቅድስት የምትባል ነርስ ስለ ጥር ሠርጓ ልታነጋግረኝ ከእጮኛዋ ጋር ወደ ፎቶ ቤቴ መጣች። ፈጣን ናት፤ ስትናገርም ስትራመድም አንድ ነገር ያመለጣት ይመስላል። ከተቀመጠች በኋላ፣

«ሠርጌ የዊንተር ቪንቴጅ እንዲሆን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ዊንተር ማለት ክረምት መሆኑን እኔም አላጣሁትም። «ሠርግሽ ጥር አይደለም እንዴ? ደግሞ ክረምት ላይ ጭቃው፣ ጎርፉ…»

«ያንተን ክረምት አይደለም፤ የፈረንጅ ክረምት» አለችና ስልኳን አሳየችኝ። ነጭ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አሮጌ ማኪና፣ የፀጉር ካባ የደረበች ሙሽሪት፣ ባርኔጣ ያደረገ ሙሽራ። ሁለቱም አይስቁም። ሀብታሞች ናቸው፤ በርዷቸዋል።

«ቆንጆ ነው። ግን በረዶውን ከየት ላምጣው?»

«ኮሶዬ አለልህ።»

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ብርዳም ደጋ ነው። በጥር ጠዋት እዚያ ቆሞ የሚያወራ ሰው ከንግግሩ ይልቅ እንፋሎቱ ይበዛል። በረዶ ባይኖርም ውርጭ አለ። ገደሉም ከማዶ የተደረደሩት ተራሮችም ለፎቶ የተፈጠሩ ናቸው። ልጅቱ አስባበታለች።

ከዚያ ሕጓን ዘረዘረችልኝ። በፎቶው ውስጥ ዘመናዊ የሆነ ነገር እንዳይታይ። ስልክ፣ የላስቲክ ወንበር፣ የመብራት እንጨት፣ ጥቁር መነጽር፣ ሁሉም ክልክል። ሚዜዎቹ ስልካቸውን ለእኔ ያስረክባሉ። ሙሽራው ባርኔጣ ያደርጋል። ማንም ጥርሱን አያሳይም፤ የጥንት ሰው ፎቶ ሲነሣ አይስቅም ነበርና። ሙሽራው አስቻለው የአይከል ልጅ፣ የሒሳብ መምህር፣ ከአጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ። መጨረሻ ላይ «ተጋብተን ስናበቃስ መሳቅ ይፈቀዳል?» ብሎ ጠየቀ።

የቀረው አባቷ ነበሩ። የቅድስት አባት መሪጌታ ናቸው፤ ብዙ ደቀ መዝሙር ያፈሩ፣ ድምፃቸው ከደብሩ አጥር ማዶ የሚሰማ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህችን አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ሐሳቡን ስነግራቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ።

«ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ተክሊል ደፍቶ፣ ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ መቆም ምን የሚሉት ደስታ ነው?»

«ለማስታወሻ ነው፣ መሪጌታ።»

«ማስታወሻስ ልብ አለ።» መቋሚያቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና፣ «ይሁን። ምሳ ላይ ግን ልጄ ዳሱ ውስጥ ካልተገኘች የምጠይቅ አንተን ነው» አሉኝ።

እኔም በደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ቃል ገባሁ።

የሠርጉ ዕለት ቅዳሴው በጊዜ ወጣ። ሚዜዎቹን በሚኒባስ ጭነን፣ እኛ በአሮጌዋ ማኪና ተነሣን። ይህች ማኪና የጋሽ ንጉሤ ናት። ጋሽ ንጉሤ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው፤ ማኪናዋን ከሚስታቸው አስበልጠው ይወዳሉ እየተባሉ ይታማሉ። ሚስታቸውም አላስተባበሉም። ነጭ ናት፣ ክብ ክብ ዓይን አላት፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ትልቅ ሰው ያስላታል። ዳገቱን ስንጀምር አንድ አይሱዙ አለፈን። ቀጥሎ ባጃጅ አለፈን። ቀጥሎ እህል የጫኑ አህዮች ከእኛ እኩል እኩል ሄዱ፤ አንዷ በመስኮት አየችኝና ፊቷን መለሰች።

ከፊት ወንበር የተቀመጡት የሙሽራው አጎት አያ ፈንቴ ናቸው። ከጭልጋ ገጠር ለሠርጉ ብለው የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ወፍራም ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል ይዘዋል። የወንድማቸውን ልጅ ብቻውን ተራራ አልሰድም ብለው ነው አብረውን የወጡ። መንገዱን ግማሽ ያህል እንደሄድን ወደ እኔ ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ቢንቴጅ የምትሉት ምንድን ነው?»

«ያረጀ፣ ግን የሚያምር ነገር ማለት ነው፣ አያ ፈንቴ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «እኔን ነዋ» አሉና ወደ ፊታቸው ዞሩ።

ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ቅድስት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በላዩ የወርቅ ጥልፍ ያለበት ጥቁር ካባ ደርባ፣ ዓይነ ርግቧን ፊቷ ላይ ጥላ ስትወርድ እውነትም የድሮ ሥዕል መሰለች። አስቻለውም በጥቁር ሱፉ አምሮበታል። ከንፈሩ ብቻ ሰማያዊ ሆኗል። በሕጉ መሠረት የሁሉንም ስልክ ሰበሰብኩና ድምፃቸውን አጥፍቼ በቦርሳዬ ከተትኩ። ራሴን በጣም ሥርዓት ያለው ሰው አድርጌ የቆጠርኩት እዚያች ላይ ነው። ሚዜዎቹ ስልካቸውን ሲያስረክቡ ነፍሳቸው የወጣች መሰሉ፤ ከዚያ እንሙቅ ብለው መንገድ ዳር ወዳለች ምግብ ቤት ገቡ። ጋሽ ንጉሤም ማኪናቸውን በፎጣ መወልወል ጀመሩ።

ካሜራዬን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ትንፋሼ መነጽሬን አደበዘዘው። ጠረግሁት፤ ደግሞ ደበዘዘ። ተናደድኩና አውልቄ መሐረቤ ላይ አድርጌ አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ አኖርኩት። የካሜራውን ማንገቻ አስተካክዬ ዞር ስል አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ሲሉ አየሁ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

አያ ፈንቴ ግራ ገብቷቸው ከሥራቸው ተመለከቱ። «ምነው፣ ይህ ድንጋይ ተሰበረሳ?»

ተነሥተው የመነጽሬን ሬሳ በመዳፋቸው ይዘው ሲያዩት ፊታቸው ክስል መሰለ። ምንም አይደለም ብላቸውም አልተጽናኑም። ክንዴን ያዙኝ። «ዓይንህን ሰብሬብሃለሁ። ከእንግዲህ ዓይንህ እኔ ነኝ። ወዴት ልምራህ?»

ገደሉ ቅርብ ስለነበር አልተከራከርኩም። ደግሞ ያን ያህል አልሰጋሁም። የዛሬ ካሜራ የሰው ፊት ከእኔ ቀድሞ ያገኛል፤ አጥርቶም ያነሣል። ፊት መሆኑን ያውቃል። የማን ፊት መሆኑን ግን አያውቅም። ይህን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ትንሽ እንዳነሣሁ ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ። መጀመሪያ እንደ ጭስ ቀጠን ብሎ ታየ። ወዲያው እንደ ፈላ ወተት ከገደሉ አፍ ገነፈለና ተራራውንም ማኪናዋንም ጋሽ ንጉሤንም ዋጣቸው። ቅድስት በደስታ እጇን አጨበጨበች፤ «በረዶ ይመስላል፣ አየህ፣ በረዶ ይመስላል» አለች። እኔም የሙሽራውን ባርኔጣ ማኪና ውስጥ ረስቼው ኖሮ ትዝ አለኝ።

«ከዚህች ጽድ ሥር እንዳትነቃነቁ። መጣሁ» አልኳቸው።

አያ ፈንቴ እየመሩኝ ሄድን። ማኪናዋን ለማግኘት ጊዜ ወሰደብን፤ መጀመሪያ አንዲት ላም አገኘን። ባርኔጣውን ይዘን ስንመለስም ጽዷን ፈለግን። ኮሶዬ ላይ ጽድ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ብቻ ከአንዲት ጽድ ሥር ነጭ ቀሚስ፣ ጥቁር ካባ፣ የወርቅ ጥልፍ፣ ዓይነ ርግብ፣ ከአጠገቡም ጥቁር ሱፍ በጉሙ ውስጥ ታየኝ። አመሰገንኩና ሥራዬን ጀመርኩ።

እኛ ፎቶ አንሺዎች ሙሽራን በስሙ አንጠራም። የዚያን ቀን ስሙ ሙሽራው ነው፣ የእሷም ሙሽሪት ነው።

«ሙሽራው፣ ይህን ባርኔጣ አድርግ» አልኩ።

ሙሽራው ባርኔጣውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ይህም አለበት?»

«ተነጋግረን የለም እንዴ። ሰዓትህን ደግሞ አውልቅ።» ሰዓት አስሮ አላየሁትም ነበር፤ መቼ አሰረው ብዬ ተናደድኩ። አወለቀ። «ስልክህንም አምጣ።» ስልኩን ቅድም የተቀበልኩት መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ስልክ ያለው መምህር መሆኑ ገረመኝ። ሰጠኝ። «አሁን ወደ ተራራው ተመልከት።»

«ተራራው የት አለ?»

«አስበው።»

ሙሽሪት ምንም አትናገርም። ዙሪ ስላት ትዞራለች፣ ቀና በይ ስላት ቀና ትላለች። ቅድስት በተፈጥሮዋ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ትዳር ቶሎ ይሠራል ብዬ በልቤ አደነቅሁ።

«አያ ፈንቴ፣ እንዴት ናቸው? ያምራሉ?»

«ሸጋ ናቸው። ልጅቷማ ሸጋ ናት።»

«ልጁስ?»

አያ ፈንቴ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ልጁም የሰው ልጅ ነው» አሉ።

ሥራው ጣመኝ። ጉሙ፣ ካባው፣ የልጅቱ ዝምታ፣ ባርኔጣው፣ ሁሉም ተስማሙ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጌ አንሥቼ አላውቅም። ሙሽራውን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ አስነሣሁት፣ ጽዱን አስደገፍኩት። በመጨረሻ ሙሽሪትን ፊቷን ወደ ገደሉ አዙሬ ብቻዋን አቆምኳትና፣ «አሁን ምንም ቢመጣ እንዳትዞሪ። ሰው ቢጠራሽ እንኳ እንዳትዞሪ» አልኳት። ራቅ ብዬም ተንበረከክሁ።

ጊዜው መሄዱን ያላወቅሁት ለዚህ ነው። ከተማው ውስጥ ዳሱ ሞልቷል፤ ምሳ ደርሷል። የሁላችንም ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ያለማቋረጥ ይጠራል። መሪጌታ ሲደውሉ ሲደውሉ መልስ ሲያጡ፣ የጎረቤታቸውን ፒካፕ ለምነው ተነሥተዋል።

መቋሚያ ድንጋይ ሲመታ ተሰማኝ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። ከጥምጥሙ ሥር ያለውን ፊት ባላየውም ምን እንደሚመስል አላጣሁትም። ከተንበረከክሁበት ሳልነሣ ቀረሁ፤ ለጸሎትም ይሆናል ብዬ።

መሪጌታ እኔን አላዩኝም። ያዩት ከገደሉ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችውን ባለካባ ነው። ከኋላዋ ራቅ ብለው ቆሙ።

«እንዲህ ነው?» አሉ። «ዳሱ ሞልቶ፣ ካህናቱ ተቀምጠው፣ ወጡ እየቀዘቀዘ እየሞቀ፣ አንቺ እዚህ ቆመሽ ጉም ትቆጥሪያለሽ?»

ሙሽሪት አልዞረችም። እንዳትዞሪ ያልኳት እኔ ነኝ።

«ዙሪ እንጂ። ምነው ዝም አልሽ?»

አልዞረችም። ትከሻዋ ግን ትንሽ ሲንቀጠቀጥ በደበዘዘው ዓይኔም ታየኝ። መሪጌታም አዩት መሰለኝ፣ ድምፃቸው ወረደ። ያ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ድምፅ እንደዚያ ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም።

«እሺ፣ አትዙሪ። ካልዞርሽ ይሻለኛል፤ ፊትሽን እያየሁ አልናገረውም። ለምሳው ብዬ አይደለም የመጣሁ። ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ሲዘፍን እኔ ጓዳ ገባሁ። የእናትሽ ነጠላ እንደተሰቀለ ነው። ‹ልጃችንን ዳርኳት› ልላት ብዬ ድምፅ አጣሁ። ያ ቤት አንቺ ስትሮጭበት፣ በር ስታላትሚበት ነው የማውቀው። አንድ ቀን ቀስ በይ ሳልልሽ ውዬ አላውቅም። ዛሬ ግን ጸጥ ሲለኝ ጊዜ መቀመጥ አቃተኝ። ተቆጥቼ አይደለም ልጄ። ናፍቀሽኝ ነው።»

አያ ፈንቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሙሽሪት ዞረች። በዓይነ ርግቧ ሥር ታለቅሳለች። «አባቴ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «እኔ እኮ የእርስዎ ልጅ አይደለሁም።»

መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ንግግሩን በወርቁ ተረዱት። «እንዲህ አትበዪ» አሉ፤ «ብታገቢም ልጄ ነሽ። ማን ከለከለሽ?»

«አይደለም፣ አባቴ። የዳባት ልጅ ነኝ» አለችና ዓይነ ርግቧን ገለጠች።

መሪጌታ እሷን አዩ። ባርኔጣ አድርጎ ጽድ ሥር የቆመውን የማያውቁትን ጎረምሳ አዩ። በመጨረሻም እኔን አገኙኝ።

«ይህችስ ያባቷ ልጅ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «የኔን ልጅ ምን አደረግሃት?»

እኔም በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። ሙሽራይቱን ከነሙሽራዋ ገደል አፋፍ ላይ፣ ጉም ውስጥ ጥዬ ጠፍቻለሁ። አንድ ሰው ምን ያህል ሊሞኝ እንደሚችል ድንበር ቢኖረው፣ እኔ ድንበሩን አልፌ ጎጆ ቀልሼ ተቀምጫለሁ። ለመነሣት ስሞክር እግሬ ደንዝዞ ተመልሼ ተንበረከክሁ።

«እኔ ግን ባርኔጣውን ላውልቀው?» አለ የዳባቱ ሙሽራ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ «አባ» የሚል ድምፅ መጣ።

ቅድስት ነበረች። ካባዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛ ቆማለች። የአባቷን ድምፅ ተከትላ መጥታ፣ የሚናገሩትን ስትሰማ መቅረብ አቅቷት እዚያው ቀርታ ነበር። ሁሉንም ሰምታዋለች። ሄደችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። የመሪጌታ መቋሚያ ከእጃቸው ወደቀ። «ቀስ በይ» አሏት።

ካሜራዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አላነሣሁትም። ረሳሁት ብል ይሻላል።

ከቅድስት ኋላ አስቻለውና አንዲት ካሜራ የያዘች ወጣት ብቅ አሉ። ሐመልማል ትባላለች፤ የዳባቶቹ ፎቶ አንሺ ናት። የዳባቶቹን ሠርግ የያዘው ወንድሟ ነበር። ትናንት ታሞ እሷን ተክቶ ላካት፤ ሙሽሮቹንም «በእኔ ፈንታ የሚመጣውን ሰው ጽድ ሥር ጠብቁ» ብሎ በስልክ ቀጠራቸው። ሙሽሮቹን አታውቃቸውም፣ ሙሽሮቹም አያውቋትም። በጉሙ ውስጥ ጽድ ፈልጋ፣ ከሥሩ ባለካባ ሙሽሪት አግኝታ ማንሣት ጀመረች። ለቅድስት ደግሞ የኔ ረዳት መስላታለች። እኔ ስመጣ ደግሞ የዳባቶቹ ሙሽሮች ይጠብቁት የነበረው ፎቶ አንሺ ደረሰልን ብለዋል።

«ሙሽሪት ዝምተኛ ናት፣ እንድትናገር አድርጊያት ብሎኝ ነበር ወንድሜ» አለች ሐመልማል። «እኔ ደግሞ አፍታ ዝም ማሰኘት አቃተኝ። ብርዱ አንደበቷን ፈታው ብዬ ነው የያዝኩት።»

ወደ አያ ፈንቴ ዞርኩ። «አያ ፈንቴ፣ የወንድምዎን ልጅ አያውቁትም እንዴ? ምነው ሳይነግሩኝ?»

«እንዴት አላውቀው፤ በጉልበቴ ያሳደግሁት ልጅ» አሉ ተገርመው። «አይቼዋለሁ፤ እሱ አይደለም። ግን ያንተን ሥራ እኔ ምን አውቄ። የሌላ ሰው ሙሽራ ማንሣትም ቢንቴጅ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ያቺ ዝምተኛ የዳባቷ ሙሽሪት ናት። እሷ ስትጀምር ቅድስት ተከተለች፤ ከዚያ ማንም ማንንም መያዝ አልቻለም። ማንም ጥርሱን አያሳይም የሚለው ሕግ እዚያው ፈረሰ። መሪጌታ እንኳ በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ የዳባቷን ሙሽሪት ጠሩና፣ «ልጄ ነሽ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም» ብለው ሁለቱን ሙሽሮች ጎን ለጎን አቁመው መረቁ። ረጅም ምርቃት ነበር። ከግማሹ በላይ ግእዝ ስለሆነ አሜን የምንልበትን ቦታ አያ ፈንቴን እያየን ነው ያልነው፤ እሳቸውም በግምት ነበር።

ምርቃቱ ሲያልቅ ጉሙ ተገለጠ። ምርቃቱ ነው የገለጠው ብዬ አልከራከርም፤ አልክድምም። ተራራው ሁሉ ታጥቦ እንደተሰጣ ቁልጭ አለ። ዞር ስንል የሁለቱም ወገን ሚዜዎች ከምግብ ቤቷ ወጥተው መንገዱ ዳር አንድ ላይ እስክስታ ይወርዳሉ፤ እነሱ ከተዋወቁ ቆይተዋል። እኔና ሐመልማል ሁሉንም አንድ ላይ አሰለፍናቸው፤ እሷ አነሣች፣ እኔ ሰው ቆጠርኩ። ከዚያ ዳባቶቹ ወደ ዳባት መንገድ ጀመሩ፤ ባርኔጣውም አብሮ ሄደ።

እኛ ደግሞ ልንነሣ ስንል የጋሽ ንጉሤ ማኪና አልነሣም አለች። ጋሽ ንጉሤ ከፈቷት፣ አናገሯት፣ ለመኗት። አንድ ጊዜ አሳላትና ዝም አለች።

«በፒካፑ እንሂድ» አለ አስቻለው።

«የለም» አሉ መሪጌታ። «በዚህች ስትወጣ አገር አይቷል። በዚህች ትመለሳለች። ግፉ።»

አስቻለው ገፋ፣ ሚዜዎቹ ገፉ፣ አያ ፈንቴ ዱላቸውን ጥለው ገፉ። ማኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። መሪጌታ ጥቂት ቆመው አዩ። ከዚያ ግራና ቀኝ ተመልክተው፣ የካባቸውን ጫፍ መታጠቂያቸው ውስጥ ሸጎጡ፣ መቋሚያቸውን ለልጃቸው ሰጡ፣ ወገባቸውን ጎበጥ አድርገው ሁለት መዳፋቸውን ማኪናዋ ላይ አሳረፉ። «አቤቱ በኃይልህ» ሲሉ ሰማሁ። ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጆሯቸው ዘመመ። እኔ ሳቄን እየታገልኩ ፎቶ አነሣኋቸው። ማኪናዋ ጮኸች፣ አጨሰች፣ ተነሣች። ጋሽ ንጉሤ ከደስታቸው የተነሣ ሙሽሮቹን ሳይጭኑ ጥቂት መንገድ ሄዱ።

ዳሱ ስንደርስ እንግዳው ግማሹ በልቶ ግማሹ ተቆጥቶ ነበር። መሪጌታ ግን «ልጄን ልፈልግ ሄጄ ሁለት አግኝቼ መጣሁ» ብለው ነገሩን ሁሉ ሲተርኩ ቁጣው ወደ ሳቅ ተለወጠ። የሚተርኩት ሁሉ እውነት ነው። ስለ መግፋቱ ብቻ አላነሡም።

ከሐመልማል ጋር ፎቶ ተለዋወጥን። ቅድስት አባቷን ስታቅፍ ሐመልማል አንሥታዋለች፤ ያ ፎቶ አሁን ቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ። የኔ ምርጥ ሥራዎች ደግሞ ዳባት፣ ገብቼበት በማላውቀው ቤት ተሰቅለዋል። ሄጄ ለማየት ወደ ዳባት መመላለሴን ደንበኞቼ በሌላ ይተረጉሙታል፤ ሐመልማልም ዳባት ስለምትኖር አልፈርድባቸውም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል መሪጌታ ብቻቸውን ወደ ፎቶ ቤቴ መጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሰው ልጆች ሁሉ አዩ። በመጨረሻ ጠጋ አሉኝ።

«ያ… ስገፋ ያነሣኸኝ። አለ?»

አጥፋው ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። «አለ፣ መሪጌታ።»

«ማኪናዋን ማውጣት ይቻላል? መሪጌታው ማኪና ሲገፋ ታየ እንዳይሉኝ ነው።»

ይቻላል አልኩና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሚዜዎቹም አያ ፈንቴም ከማኪናዋ ወዲያ ተጋርደው ስለነበር ማኪናዋ ስትወጣ አብረው ወጡ። ሥራውን ጨርሼ ሳየው ግን ደነገጥሁ። የቀሩት መሪጌታ ብቻ ናቸው። ጥምጥማቸው ዘሟል፣ ካባቸው ተሸጉጧል፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሙሉ ኃይላቸው ይገፋሉ። ከመዳፋቸው ፊት ያለው ደግሞ ተራራው ነው።

ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ተራራ ስለሚያፈልስ እምነት ስንት ዘመን አስተማርኩ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ተራራው ጫፍ አስጠጉ። «ይህስ ምን ሆኖ ነው?»

«ይቅርታ፣ መሪጌታ። ሳቄ አምልጦኝ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። ተራራው ትንሽ ተንቀሳቅሷል። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

«ተንቀሳቅሷል?»

«ትንሽ።»

መነጽራቸውን አወለቁና አጠፉት። «እንዳትነካው» አሉኝ። «በትልቁ እጠብልኝ።»